ወንዙ ቢያልፍም ምስክሩ አለ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)



ልደታ ሲባል ብዙ ሰው ሁለት ነገር ትዝ ይለዋል። አንደኛዋ ለሰፈሩ ስሟን የሰጠችው የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁለተኛው ፍርድ ቤቱ ነው። «ነገ ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ያለ ሰው ወዴት ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ «ጉዳዩ ምንድን ነው?» ብቻ ይባላል። የዛሬው ዝግጅታችንም የችሎት ወግ ይመስላል። ተጎጂ አለበት፣ ተጠርጣሪ አለበት፣ ዋናው ባለጉዳያችን ግን ምስክሩ ነው። ይህ ምስክር እግር የለውም፤ ቦታውን ጥሎ አይሄድም። አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ያየውን ግን በሥጋው ውስጥ ይዞ ይቆያል። ምስክራችን ዛጎል ለባሽ የውሃ እንስሳ ነው።

በአገራችን ዛጎል ጥሎ ነገ የሚመጣውን እነግራችኋለሁ የሚል ሰው ድሮም ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። የውሃ ተመራማሪዎች ግን ዛጎሉን የሚጠይቁት ስለ ትናንት ነው። «ባለፉት ሳምንታትና ወራት በዚህ ውሃ ውስጥ ምን አለፈ?» ይሉታል። መልሱን እንዴት እንደሚያገኙ፣ ባሕር የሌለን የልደታ ሰዎችስ ነገሩ ምን እንደሚያገባን ዛሬ አብረን እንመለከታለን። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቅስ አስታውሳችኋለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ ወንዝ መበከሉን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ምን ይመስላችኋል? ጠርሙስ ይዞ ወርዶ፣ ውሃውን ቀድቶ፣ ላቦራቶሪ መላክ ነው አይደል? ልክ ነው፤ ይሠራበታልም። ግን አንድ ጉድለት አለበት። ወንዝ አይቆምም። ማክሰኞ ጠዋት የቀዳችሁት ውሃ የሚነግራችሁ ስለ ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነው። አንድ ፋብሪካ ዝቃጩን የሚለቀው እሑድ ሌሊት፣ ያውም ዝናብ ሲወርድ ጠብቆ ቢሆንስ? ማክሰኞ ስትደርሱ መርዙ ወርዶ አልቋል። ጠርሙሳችሁ በመንገድ ሲያልፍ ጠቡን እንዳላየ መንገደኛ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ይላል። አልዋሸም፤ በሰዓቱ ግን አልነበረም።

እስቲ የጠጅ ቤቱን ማጥለያ ጨርቅ አስቡት። ከጋኑ አንድ ብርሌ ቀድታችሁ ብትመረምሩ ያያችሁት ያንን አንድ ብርሌ ነው። ጨርቁን ብታዩ ግን የጋኑን ሙሉ ታሪክ ታገኛላችሁ፤ ጌሾው፣ ሰፈፉ፣ የወደቀችው ዝንብ ሳትቀር እዚያው ተይዛለች። ዛጎል ለባሾቹ የባሕሩ ማጥለያ ጨርቅ ናቸው።

በባሕር ዳርቻ አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር መስል የሚባል እንስሳ አለ። ሁለት ክዳን አለው፤ ከላይና ከታች እንደ ሙዳይ ይገጥማል። ምግቡን ፍለጋ አይዞርም። ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል፣ በውስጡ ያለውን ደቃቅ ምግብ ያስቀራል፣ የተረፈውን መልሶ ይተፋል። አንድ ደህና መጠን ያለው መስል በአንድ ሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ያጣራል። ይህን የሚያደርገው ቀንና ሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ ነው። ከምግቡ ጋር እርሳሱ፣ ካድሚየሙ፣ ሜርኩሪው፣ የተባይ ማጥፊያው ቅሪት አብሮ ይገባል። ሰውነቱ ከእነዚህ ብዙዎቹን ቶሎ ማስወጣት አይችልም፤ ያጠራቅማቸዋል። ስለዚህ በውሃው ውስጥ መሣሪያ እንኳ በጭንቅ የሚያገኘው መርዝ፣ በእንስሳው ሥጋ ውስጥ በሺህ እጥፍ በዝቶ ይገኛል።

ይህን ጠባዩን ለሥራ ያዋለው ኤድዋርድ ጎልድበርግ የሚባል አሜሪካዊ የውቅያኖስ ኬሚስት ነው። በ1975 «የመስል ዘብ» ልንለው የምንችለውን ሐሳብ አቀረበ፤ የዓለም ባሕር ዳርቻዎች የብክለት ሁኔታ በእነዚህ እንስሳት ሥጋ ይመርመር አለ። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ከ1986 ጀምሮ ይህንኑ ቋሚ መርሐ ግብር አደረገው። አሠራሩ ብዙ ውስብስብ የለውም። በየጊዜው ወደዚያው ቦታ ይሄዳሉ፣ መስል ወይም ኦይስተር የሚባለውን ሌላ ዛጎል ለባሽ ይለቅማሉ፣ ሥጋውን ፈጭተው ይመረምራሉ፣ ካለፈው ጊዜ ጋር ያስተያያሉ።

ምስክርነቱ ተሰምቶ ፍርድ ያስገኘበት ጊዜም አለ። በመርከብ ሆድ ላይ የባሕር ፍጥረት እንዳይጣበቅ የሚቀባ፣ ትራይቡቲልቲን የተባለ የቆርቆሮ ውህድ ያለበት ቀለም ነበር። በፈረንሳይ አርካሾን የባሕር ወሽመጥ ኦይስተር አርቢዎች፣ የእንስሶቻቸው ዛጎል ያለ ቅጥ እየወፈረ፣ ጫጩቶቹም ማደግ እያቃታቸው ተቸገሩ። በእንግሊዝ ዳርቻ ደግሞ እንስት የባሕር ቀንድ አውጣዎች የወንድ አካል አበቀሉ። ጥፋቱ የቀለሙ ሆኖ ተገኘ። ፈረንሳይ በ1982 በአነስተኛ ጀልባዎች ላይ ከለከለችው። በ2001 ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ፤ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። በአንዲት ቀንድ አውጣ አካል ላይ የታየው ለውጥ የዓለምን መርከቦች ቀለም አስለወጠ ማለት ነው።

የፖላንዷ ዋና ከተማ ዋርሶም አንድ አስገራሚ ነገር አላት። የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚገባበት ቦታ ላይ ስምንት ባለ ሁለት ክዳን የወንዝ እንስሳት በዘብነት ተቀምጠዋል። በየዛጎላቸው ላይ መቆጣጠሪያ ተገጥሞላቸዋል። ውሃው ደህና ሲሆን ክዳናቸው ገርበብ ይላል። መጥፎ ነገር ከቀመሱ ጥርቅም ያደርጉታል፤ ያኔ ማንቂያው ይጮኻል።

(አጭር ሙዚቃ)

«ይሁን፤ ይህ ሁሉ የባሕርና የፈረንጅ ወሬ ነው» የሚል አድማጭ ይኖራል። እንግዲያው ወደ አገራችን እንመለስ። ከወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ተነሥቶ ለዓለም የተረፈ ምስክርነት ከእኛው አገር ወጥቷል።

ዘመኑ 1964 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ለማጥናት አድዋ ወረዱ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በውሃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ማደግ አለበት። ስለዚህ ዶክተሩ በየወንዙ ቀንድ አውጣ ይፈልጋሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን ያልጠበቁትን አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ነበሩ። ከማጠቢያው ከፍ ብሎ ያሉት ደግሞ በሕይወት አሉ።

ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ለቀሙና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ጠብ እንድታደርግላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው ሞቱ። ፈተናው ይኸው ነበር። ላቦራቶሪ ገብቶ ሲጠና እንዶድ ቀንድ አውጣ የሚገድል ንጥረ ነገር እንዳለው ተረጋገጠ፤ ንጥረ ነገሩም በእሳቸው ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ተቋሙ በኋላ በእሳቸው ስም ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሠርቷል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ ብዙዎች «አማራጩ ኖቤል» የሚሉትን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

እስቲ ይህን በዛሬው ርእሳችን ዓይን እንየው። ዶክተሩ ውሃውን ቀድተው ቢመረምሩት ኖሮ ምን ያገኙ ነበር? ምናልባት ጥቂት ሳሙና መሰል ነገር፤ ምናልባትም ምንም። ነገሩን የገለጠው የቀንድ አውጣዎቹ መሞት ነው። ከላይ በሕይወት አሉ፣ ከታች ሞተዋል፤ በመካከል እንዶድ አለ። ከላይና ከታች ማወዳደር ዛሬም የብዙ የወንዝ ጥናቶች መሠረት ነው። ደግሞም እንዶድን ያወቁት፣ የለቀሙት፣ ወንዝ ዳር ያመጡት እነዚያ እናቶች ናቸው። ምሁሩ ትልቅ የሆኑት ቁልቁል አይተው ስለጠየቁ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1988 ገደማ ከምሥራቅ አውሮፓ በመርከብ ተሳፍሮ የመጣ የሜዳ አህያ መስል የሚባል ትንሽ እንስሳ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ታየ። ተራብቶ የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ከተሞችን አስቸገረ። ዶክተር አክሊሉ በ1990 በኦሃዮ የሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሊሰጣቸው ሲጋብዛቸው፣ የአድዋው እንዶድ ይህንንም መስል እንደሚገድል በዚያው ተሞከረ፤ ሠራም። እንስሳውን ከሐይቆቹ ማጥፋት ግን አልተቻለም። እንግዲህ የአሜሪካው የመስል ዘብ ከ1992 ጀምሮ ይህንኑ ያልተጋበዘ እንግዳ ለታላላቅ ሐይቆች የብክለት ምስክር አድርጎ ቀጠረው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሰፈራችን እንውረድ። በልደታ አስፋልት ላይ የዘነበ ዝናብ የት ይደርሳል? የጋራዡን የተቃጠለ ዘይት፣ የልብስ ማጠቢያውን አረፋ፣ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ጠራርጎ ቁልቁል ወደ ትንሹ አቃቂ ነው የሚሄደው። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ በኩል ተነሥቶ የምዕራብ አዲስ አበባን ውሃ እየሰበሰበ፣ በመካኒሳና በጎፋ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። በመንገዱ የቆዳ ፋብሪካዎችን ጨምሮ ብዙ ኢንዱስትሪዎች ይቀበሉታል፤ ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ከዚያ ይመጣል። ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ትልቁ አቃቂ ደግሞ ቀበናን ይዞ ይወርዳል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፤ እምቦጭ የሸፈነው ያ ግድብ የከተማዋ ሁሉ ማጠራቀሚያ ሆኗል።

በእነዚህ ወንዞች ምስክር ሆነው የሚጠሩት ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ትናንሽ ፍጥረታት ናቸው፤ የነፍሳት እጮች፣ ትሎች፣ አልቅቶች፣ ቀንድ አውጣዎች። አጥኚው ቦት ጫማውን አድርጎ ወንዙ ውስጥ ይገባል። መረቡን ከታች ይዘረጋል፣ ከላይ ያለውን ድንጋይ በእግሩ ይፈነቅላል፤ የተነቀለው ሁሉ ተጠርጎ መረቡ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በነጭ ሳሕን ላይ አፍስሶ፣ አንድ በአንድ እየለየ ይቆጥራል።

በሳሕኑ ላይ ሦስት ጅራት ያላት፣ ከጎኗ ቅጠል የመሰሉ ስንጥቦች የምታርገበግብ ስስ እጭ ካየ ደስ ይለዋል። ይህች ፍጥረት ንጹሕና አየር የሞላው ውሃ ካላገኘች አትኖርም። ከአሸዋና ከስንጥር ቤት ሠርታ ቤቷን ተሸክማ የምትሄድ ሌላ እጭ አለች፤ እሷም ብዙዎቹ ዘመዶቿም ለቆሻሻ አይመቹም። በሳሕኑ ላይ ቀይ፣ ክር የመሰሉ ትሎች ብቻ ሲርመሰመሱ ካየ ግን ልቡ ይሸበራል። አንዳንዶቹ የጥቃቅን ዝንቦች እጭ ናቸው። የቀሉትም እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ በዚያ ኦክስጅን ባለቀበት ጭቃ ውስጥ የምትገኘውን ጥቂት አየር ይዘው ይኖራሉ። ለእያንዳንዱ ዘር እንደ ጥንካሬው ነጥብ ይሰጠዋል፤ ቆሻሻ የማይችለው ትልቅ ነጥብ፣ ሁሉን ቻዩ ትንሽ ነጥብ። ተደምሮ ሲካፈል የወንዙ ጤና ይታወቃል። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የሚስማማ እንዲህ ያለ መለኪያ አስቻለው ላቀውና ኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ አዘጋጅተዋል። በወሎም የደሴና የኮምቦልቻ ከተሞች በቦርከና ወንዝ ላይ ያደረሱት ጉዳት በዚሁ መንገድ ተጠንቷል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንያዝ። የባሕሩ መስል «ይህን ያህል እርሳስ፣ ይህን ያህል ካድሚየም» ብሎ በስም ጠርቶ ይመሰክራል። የእኛ ወንዝ ትሎች ግን «እዚህ መኖር ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ነው የሚሉት፤ የገዳዩን ስም ለማወቅ ከዚያ በኋላ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ሁለቱ ምስክሮች ይደጋገፋሉ እንጂ አይተካኩም።

ምስክሩ ራሱ ቢሞትስ? አበበ በየነና ባልደረቦቻቸው በ2009 ያሳተሙት የቀበናና የአቃቂ ወንዞች ጥናት ላይ የገጠማቸው ይህ ነው። በጣም በተበከሉት ቦታዎች ላይ ለምስክርነት የሚበቁ ትናንሽ እንስሳት ከነጭራሹ ጠፉ ማለት ይቻላል። አጥኚዎቹ ወደ ሌላ ምስክር ዞሩ፤ ዳያቶም ወደሚባሉ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ ወደሚታዩ፣ መስታወት የመሰለ ቅርፊት ወዳላቸው የውሃ አልጌዎች። በቆሻሻው መሀል እንኳ «የባሰ» እና «ትንሽ የተሻለ» የሚለውን የለዩላቸው እነዚህ ናቸው። የዛጎል ለባሹን ሥራ ሌላ ባለ ቅርፊት ተረከበ፤ እሱም በዓይን የማይታይ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ከሁሉ የመጨረሻው ምስክር ማን እንደሆነ ገምታችኋል?

ጉልት ላይ የተደረደረውን ሰላጣና ቆስጣ አስቡ። ከአቃቂ ወንዞች ውሃ እየተጠለፈ አትክልት የሚለማባቸው ማሳዎች በከተማችን ለብዙ ዓመታት ኖረዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ሲተዳደርባቸው ኖሯል። ፍስሐ ኢታና በ2002 ያሳተሙት ጥናት በቄራና በፒኮክ ማሳዎች የበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምሮ ነበር፤ አንዳንዶቹ ብረታ ብረቶች ከሚፈቀደው በላይ ሆነው ተገኙ። ጥቅል ጎመን ከሌሎቹ ያነሰ ሲያጠራቅም ታይቷል። ቅጠሉ እንደ መስሉ ያው ባለበት ቆሞ ያጠራቅማል። ቅጠሉን የምንበላው ደግሞ እኛ ነን፤ የመጨረሻው ምስክር እንግዲህ የእኛው ሥጋ ነው። ቅጠሉን ማጠብ ጭቃውንና ጀርሙን ይቀንሳል፤ በሥሩ በኩል ወደ ውስጥ የገባውን ብረት ግን ውሃ አያወጣውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ወጥ ቤት አይደለም፤ ወንዙ ላይ ነው።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። የአቃቂ ውሃ ግን ማደሪያ አለው። አቃቂ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ በቆቃ ግድብ አልፎ፣ አዳማን አጠጥቶ፣ የስኳር አገዳውን አልምቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አፋር ምድር ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ፣ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። እኛ ከልደታ የለቀቅነውን የሚቀበልልን ውቅያኖስ የለም፤ የሚቀበለው ወገናችን ነው።

ስለ ችሎት ጀምሬ ስለ ችሎት ልጨርስ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ ይህኛው ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ነው። አዋጁ ማንም ሰው፣ በግሉ የደረሰበትን ጉዳት ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል፣ መልስ ካጣም ፍርድ ቤት እንዲሄድ መብት ይሰጣል። ይህን መብት ይዞ አፓፕ የተባለ የባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከስሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ባለሥልጣኑ ትክክለኛው ተከሳሽ አይደለም ብሎ ክሱን ዘጋው። መዝገቡ ተዘጋ፤ ወንዙ ግን ይወርዳል። ትክክለኛውን ተከሳሽ ለማግኘት ደግሞ «ከዚህ በላይ አሉ፣ ከዚህ በታች ሞተዋል» የሚል ምስክር ያስፈልጋል፤ ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ እንዳገኙት ያለ።

ስለዚህ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። በምታልፉበት ድልድይ ላይ ቆም በሉና ከላይና ከታች ተመልከቱ። ወንዙ ውስጥ አትግቡ፤ ልጆችም አይግቡ። በዓይናችሁ ብቻ አስተውሉ፤ ቀለሙ የት ላይ ተለወጠ? አረፋው ከየትኛው ቱቦ በኋላ ጀመረ? በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ቀን? ጻፉት፤ ቀኑን አትርሱ። ያኔ እናንተም መንገደኛ መሆናችሁ ይቀርና ቦታውን የማይለቅ ምስክር ትሆናላችሁ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)